የደም ሥር ካኑላ፦ ስለ ሕመሙና ስለሚያስከትላቸው ችግሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የተሰካላቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ካኑላው ከተሰካ በኋላ መርፌው እጄ ውስጥ ይቀራል?

አይቀርም። ብረቱ የሚያገለግለው ደም ሥሩን ለመብሳት ብቻ ነው። ነርሷ ደም ወደ ኋላ መመለሱን ካየች በኋላ ለስላሳውን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውስጥ ገፍታ መርፌውን መዝዛ ታወጣዋለች። ውስጥ የሚቀረው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ስለዚህ «መርፌው ይሰበርብኛል» ብሎ እጅን እንደ እንጨት አድርቆ መቀመጥ አያስፈልግም። ጣት ማንቀሳቀስ፣ ኩባያ ማንሳት፣ መጨበጥና መዘርጋት ይቻላል። እንዲያውም ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ እጅ ይደነዝዛል፣ ያብጣልም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ካኑላው የእጅ አንጓ ወይም ክርን መታጠፊያ ላይ ሲሆን ነው። መገጣጠሚያው በታጠፈ ቁጥር የቱቦው ጫፍ የደም ሥሩን ግድግዳ ይፍቃል፤ ፈሳሹም ይቆማል። ሌላ ቦታ ካለ እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ የሚመረጡ አይደሉም፤ በክርንና በአንጓ መካከል ያለው የክንድ ክፍል የተሻለ ነው።

ምን ያህል ሕመም የተለመደ ነው?

ሲወጋ ለጥቂት ሰከንድ ስለታም ሕመም ይኖራል፤ ከዚያ ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ሲነካ ይሰማል። ከዚህ ያለፈ ሕመም የተለመደ አይደለም። በትክክል የገባ ካኑላ እንዳለ ይታወቅዎታል እንጂ ሊያምዎ አይገባም። «ካኑላ ያማል፣ ቻል አድርገው» የሚለው ምክር በቅንነት ቢሰጥም ብዙ ክንድ ያስጎዳ ምክር ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከመቅላቱም ከማበጡም ቀድሞ ይመጣል።

ለነርሷ ሲናገሩ መቼ እንደሚያምዎ ለይተው ይንገሯት። ሲነካ ወይም ሲጎተት ብቻ ከሆነ ፕላስተሩ ላልቶ ቱቦው እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ሲገባ ብቻ ከሆነ ችግሩ የመድኃኒቱ ባሕርይ ወይም የፍጥነቱ መብዛት ነው፤ አለዚያም ከደም ሥር ውጭ መፍሰስ ጀምሯል። ምንም ሳይሰጥዎ ያለማቋረጥ የሚያምና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ካኑላው ወጥቶ በሌላ ቦታ መተካት አለበት።

በካኑላው ላይ ያለው ቀለም ምንን ያሳያል? ትልቁ የበለጠ ያማል?

ቀለሙ ውፍረቱን ይናገራል። ቢጫው ቁጥር 24፣ ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18፣ ግራጫው 16፣ ብርቱካናማው 14 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይወፍራል።

ወፍራሙ ሲገባ ትንሽ የበለጠ ያማል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቱቦው ደም ሥሩን ከሞላው በዙሪያው ደም የሚያልፍበት ቦታ አይኖርም፤ መድኃኒቱም ሳይቀጥን ግድግዳውን ያገኘዋል። ስለዚህ ለተለመደ አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ሰማያዊው ወይም ሮዙ ይበቃል። አረንጓዴውና ከዚያ የወፈሩት ለቀዶ ሕክምና፣ ለከባድ ደም መፍሰስና ለድንገተኛ ሁኔታ ናቸው። የድንገተኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ያ ወፍራም ካኑላ «ይሥራ እንጂ» ተብሎ እንዳይረሳ ያስታውሱ።

ሲገባ የሚሰማውን ሕመም መቀነስ ይቻላል?

ይቻላል። እጅን ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ፎጣ መጠቅለል ደም ሥሩን ያሰፋዋል፤ ክንድን ከልብ በታች ማውረድና ቡጢን ደጋግሞ መክፈትና መጨበጥም ይረዳል። ማደንዘዣ ቅባት ካለ ከመውጋቱ 60 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ተቀብቶ ይሸፈናል። አምስት ደቂቃ ሲቀረው የተቀባ ቅባት ምንም አይሠራም፤ «ቅባቱ አይረዳም» የሚሉ ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋትም ያቃጥላል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ ከ70 በመቶ አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ቆዳው ለ30 ሰከንድ ከተፈተገ በኋላ በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። እፍ ማለትም፣ በእጅ ማራገብም፣ ከተጸዳ በኋላ ደም ሥሩን በጣት መልሶ መዳሰስም አይገባም። ከዚህ ቀደም በመርፌ ጊዜ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩና ተኝተው ይሰካልዎ።

ጉሉኮሱ ሲገባ ክንዴን ቀዝቀዝ ይለኛል፣ ይጠዘጥዘኛልም። ችግር ነው?

ቅዝቃዜው ብቻውን ችግር አይደለም፤ ፈሳሹ በክፍሉ ሙቀት ስለሚገባ ከሰውነት ሙቀት ያንሳል። ጥዝጠዛው ግን ደም ሥሩ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ከካኑላው ከፍ ብሎ ለብ ያለ ጨርቅ ማድረግና ፍጥነቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ መድኃኒት ከሆነ የሚፈቀድ እስከሆነ ድረስ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ። በፈላ ውሃ ወይም ማሞቂያ ላይ አስቀምጦ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

አንዳንዱ መድኃኒት ሲሰጠኝ ለምን እንደ እሳት ያቃጥለኛል?

ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የፈሳሹ ጥንካሬ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ነገር ብዛት ነው፤ የሚለካውም በሚሊኦስሞል ነው። የደም ጥንካሬ በሊትር 290 ሚሊኦስሞል አካባቢ ነው። 5 በመቶ ግሉኮስ ወደ 250፣ 10 በመቶው ወደ 500 ስለሚሆን በእጅ ደም ሥር ይቻላል። 50 በመቶው ግን 2500 ገደማ ይደርሳል። ለእጅና ለክንድ ደም ሥር ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 900 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የደም ሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላል። ስኳሩ በድንገት ለወረደ ሰው ጠንካራው ግሉኮስ ግድ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ በትልቅ ደም ሥር፣ በዝግታ፣ መስመሩ መሥራቱ እየተረጋገጠ ነው።

ሁለተኛው የአሲድነት መጠን ነው። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን 12 አካባቢ፣ የቫይረስ መድኃኒቱ አሲክሎቪር 11 አካባቢ ሲሆኑ አንቲባዮቲኩ ቫንኮማይሲን ደግሞ በተቃራኒው ከ5 በታች የወረደ አሲድ ነው። እነዚህ በደንብ ካልቀጠኑና በፍጥነት ከተሰጡ ማቃጠላቸው አይቀርም። ቫንኮማይሲን ለምሳሌ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊግራም ባልበለጠ ቀጥኖ፣ በደቂቃ ከ10 ሚሊግራም ባልበለጠ ፍጥነት ይሰጣል፤ 1 ግራም ቢሆን ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና 100 ደቂቃ ማለት ነው። ፌኒቶይን በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) ብቻ ይቀጥናል፤ በግሉኮስ ከተቀላቀለ ይረጋል። ለአዋቂ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ይህ ወሰን ከሁሉ በላይ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለመጠበቅ ነው።

ፖታሲየም ክሎራይድም በማቃጠል የታወቀ ነው። በእጅ ደም ሥር ሲሰጥ የተለመደው በሊትር እስከ 40 ሚሊሞል፣ በሰዓት እስከ 10 ሚሊሞል ነው። በሲሪንጅ በቀጥታ መግፋት ልብን ስለሚያቆም በምንም ሁኔታ አይደረግም። ሲያቃጥልዎ መጠየቅ ያለብዎት «በየስንት ደቂቃ እንዲያልቅ ነው የታዘዘው?» የሚለውን ነው። ሲሪንጁን ቶሎ ገፍቶ የመጨረስ ልማድ ያለበት ቦታ ግማሹ ማቃጠል ከጥድፊያው ነው የሚመጣው።

ደም በቱቦው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ያሰጋል?

ደሙ ራሱ አያሰጋም፤ ዋናው ነገር እዚያው እንዳይረጋ ነው። የሚመለሰው ከረጢቱ ዝቅ ሲል፣ ፈሳሹ ሲያልቅ፣ ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ወይም በዚያው ክንድ የደም ግፊት ሲለካ ነው። ከረጢቱን ከልብ ከፍታ 1 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ሽንት ቤት ሲሄዱም መስቀያውን ይዞ መሄድ ይበቃል። ከረጢቱን አልጋ ላይ አጋድሞ መሄድ ነው ብዙውን ጊዜ መስመሩን የሚደፍነው።

ደሙ ረግቶ ከደፈነ በኋላ ሲሪንጅ ገጥሞ በጉልበት መግፋት አይገባም፤ የረጋው ደም ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ወይም ደም ሥሩ ይቀደዳል። ትንሽ ሲሪንጅ በተመሳሳይ የእጅ ግፊት ከትልቁ የበለጠ ጫና ይፈጥራል፤ ለማጠቢያ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚመረጠው ለዚህ ነው። እምቢ ያለ ካኑላ ይነቀላል።

ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ አየሁ። ልብ ያቆማል ይባላል፣ እውነት ነው?

በእጅ ካኑላ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን አረፋዎች ለጤነኛ አዋቂ አደጋ አይደሉም፤ ሳንባ ውስጥ ተጣርተው ይቀራሉ። ለአዋቂ ገዳይ ተብሎ የሚገመተው መጠን በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ነው። መላው የጉሉኮስ ቱቦ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከ25 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ፈሳሹ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ሲያልቅ በቱቦው የቀረው ፈሳሽ ከደም ሥሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ይቆማል፤ አየሩ ተከትሎ አይገባም።

ሆኖም ይህ ለቸልተኝነት ፈቃድ አይደለም። በጨቅላ ሕፃናትና በልባቸው ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ባለባቸው ሰዎች ትንሽ አየርም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በአንገት ወይም በደረት በገባ መስመርም አደጋው ይበልጣል። አየር ካዩ መቆጣጠሪያውን ዘግተው ነርስ ይጥሩ፤ ቱቦውን ራስዎ አይንቀሉ።

ጉሉኮሱ መንጠብጠብ አቆመ። ምን ላድርግ?

ከቀላሉ ይጀምሩ። ቱቦው ከክንድዎ ወይም ከአልጋው ብረት ሥር ታጥፎ እንደሆነ፣ መቆጣጠሪያው ተዘግቶ እንደሆነ፣ ክርንዎ ወይም አንጓዎ ታጥፎ እንደሆነ ይዩ። ክንድዎን ቀስ ብለው ቀጥ ያድርጉት። ከጀመረ ችግሩ የአቀማመጥ ነበር ማለት ነው። ካልጀመረ ቆዳውን ይመልከቱ፦ ካበጠ ወይም ካመመ መቆጣጠሪያውን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፣ ይጥሩ። ከረጢቱን መጭመቅና ቱቦውን በጣት መጠምዘዝ አስታማሚዎች የሚያዘወትሩት ነገር ነው፤ ይቅር።

እጄ ካኑላው ዙሪያ አብጧል፣ ቆዳው ቀዝቃዛና ወጠር ያለ ነው። ምን ሆነ?

ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋው ውስጥ እየገባ ነው። ቱቦው ደም ሥሩን በስቶ አልፏል፣ ወይም ተንሸራቶ ወጥቷል። ምልክቶቹ፦ ማበጥ፣ መገርጣት፣ መቀዝቀዝ፣ የቆዳ መወጠር፣ ፕላስተሩ ሥር መርጠብ፣ የፈሳሹ መዝገም። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ከሁሉ የሚሻል ዘዴ ነው፤ ቀስ በቀስ የመጣ እብጠት አንዱን እጅ ብቻ ሲያዩ አይታወቅም። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ወዲያው ይውለቁ፤ ካበጠ በኋላ ማውለቁ ሌላ ጣጣ ነው።

መቆጣጠሪያው ይዘጋል፣ ካኑላው ይነቀላል፣ ክንዱ በትራስ ላይ ከፍ ይላል፤ አዲሱ ካኑላ በሌላው ክንድ ይሰካል። የእብጠቱን ዳር በእስክሪቢቶ አስምሮ ሰዓቱን አጠገቡ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተስፋፋ ወይስ ቀነሰ የሚለው ክርክር ያበቃል። ኖርማል ሳላይን ወይም 5 በመቶ ግሉኮስ ከሆነ ሰውነት ራሱ ይመጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን። እብጠቱን ማሸት አያስፈልግም።

ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ደግሞ አሉ። «ደም ይመለሳልና መስመሩ ደህና ነው» ይባላል፤ ጫፉ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ደም እየመለሰ ፈሳሹ ሊፈስ ይችላል። «ችግር ቢኖር ማሽኑ ይጮህ ነበር» ይባላል፤ ፈሳሹን የሚገፋው ማሽን የሚጮኸው መስመሩ ሲደፈን ነው እንጂ ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይደለም፤ እየገፋ ይቀጥላል።

ከካኑላው በላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ ሲነካ ያማል፣ እንደ ገመድ ጠጥሯል።

ይህ የደም ሥር ብግነት ነው፤ ባለሙያዎች ፍሌባይተስ ይሉታል። ከላይኛው እብጠት የሚለየው ቦታው ቀዝቃዛና የገረጣ ሳይሆን ቀይና ሞቃት በመሆኑ ነው፤ ሕመሙም የደም ሥሩን መንገድ ተከትሎ ይወጣል። መነሻው የቱቦው መፋቅ፣ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ወይም ጀርም ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜም ብዙ ነው።

መቅላትና ሕመም አብረው ከታዩ ካኑላው ይወጣል። «የዛሬው መድኃኒት ይለቅና» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ አንድ ተጨማሪ መድኃኒት ለብዙ ሳምንት የሚቆይ ጠጣር ገመድ ሊያተርፍ ይችላል። ከወጣ በኋላ ለብ ያለ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ክንድን ከፍ ማድረግና ጣቶችን ማንቀሳቀስ ይረዳል። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ቅባት ወይም አይቡፕሮፌን ይሰጣል፤ አይቡፕሮፌን ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ፣ የጨጓራ ቁስል ላለበትና የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

ሙቅ ላድርግበት ወይስ ቀዝቃዛ?

ለደም ሥር ብግነት ሙቅ። ለተራ የፈሳሽ እብጠት ከሁለቱ የተመቸዎት። ከደም ሥር የወጣው ሥጋ የሚያቆስል መድኃኒት ከሆነ ግን መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም። ቅዝቃዜ መድኃኒቱን ባለበት ያቆየዋል፤ ሙቀት ደግሞ በትኖ ያሳጥበዋል። እንደ ዶክሶሩቢሲን ላሉ የካንሰር መድኃኒቶች ቀዝቃዛ ይደረጋል። ለሌላው የካንሰር መድኃኒት ለቪንክሪስቲንና ለዘመዶቹ ሙቅ ነው፤ እዚህ ላይ ቅዝቃዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል። የደም ግፊትን ከፍ ለሚያደርገው ለኖርአድሬናሊንም ሙቅ ነው፤ ደም ሥሮቹ ቀድሞውኑ ተኮማትረዋልና።

ሁለቱም ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በጨርቅ ተጠቅልለው ይደረጋሉ። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግም፣ በደነዘዘ እጅ ላይ ትኩስ ውሃ ማድረግም ራሱን የቻለ ቃጠሎ ያመጣል።

አንድ ካኑላ ስንት ቀን መቆየት ይችላል?

ለረጅም ጊዜ ደንቡ በአዋቂ ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀየር ነበር። አሁን ብዙ መመሪያዎች በቀን ሳይሆን በምልክት እንዲቀየር ይላሉ፦ ካልቀላ፣ ካላበጠ፣ ካላመመና የሚያስፈልግ ከሆነ ይቆያል። ይህ የሚሠራው ግን ቦታው በየፈረቃው በትክክል ከታየ ብቻ ነው። የሚያይ በሌለበት የቀን ገደቡ ይሻላል ብለን እናምናለን። በጥድፊያ፣ ጽዳቱ ሳይጠበቅ የተሰካው ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀየር።

ግልጹ ፕላስተር እስከ 7 ቀን፣ በጎዝ የተሸፈነው እስከ 2 ቀን ይቆያል፤ ከረጠበ፣ ከተላቀቀ ወይም ከቆሸሸ ግን ወዲያው ይቀየራል። ሲታጠቡ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ «አሁንም ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ነው። መድኃኒቱ በአፍ ከተቀየረ ሁለት ቀን ሆኖት «ለማንኛውም» ተብሎ እጅ ላይ የተቀመጠ ካኑላ የጀርም መግቢያ በር ከመሆን ሌላ ጥቅም የለውም።

መመርቀዙን በምን አውቃለሁ?

ከቦታው መግል መውጣት፣ እየተስፋፋ የሚሄድ መቅላት፣ የሚመታ ሕመም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ዋናዎቹ ናቸው። መንቀጥቀጡ መስመሩ በታጠበ ወይም መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ጀርሙ ራሱ ካኑላው ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ነው፤ ወደ ደም ከገባ ልብና አጥንት ድረስ ይሄዳል። ካኑላው ይወጣል፣ ደም ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለመለየት) ይወሰዳል፣ አንቲባዮቲክ በሌላ መስመር ይጀመራል።

ብዙውን የሚከላከለው ነገር ቀላል ነው፦ ሲሪንጅ ከመገጠሙ በፊት የካኑላው አፍ በአልኮል ለ15 ሰከንድ ይፈተግ፣ ይድረቅ። ይህ ሲዘለል ካዩ «ይጸዳልኝ» ማለት መብትዎ ነው። ካኑላው ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላም ሊመረቅዝ ስለሚችል ከቤት ሆነው ትኩሳት ቢይዝዎ ካኑላ እንደነበረዎት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሲወጋኝ እንደ ኤሌክትሪክ እስከ ጣቴ ነዘረኝ።

መርፌው ነርቭ ነክቷል። ወዲያው «ነዘረኝ» ይበሉ፤ ወዲያው ይውጣ። መርፌውን እዚያው አዟዙሮ ደም ሥር መፈለግ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ይህ የሚበዛው በአውራ ጣት በኩል ከአንጓ ከፍ ብሎ፣ በአንጓው የውስጥ ገጽና በክርን መታጠፊያ ነው። አብዛኛው በራሱ ይሻላል፤ መደንዘዙ ወይም የጣት ድካሙ ካልለቀቀ ግን ሐኪም ይየው፣ በካርድዎም ላይ ይጻፍ።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ካኑላው ወደ ደም ቅዳ ቧንቧ መግባቱ ነው። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ እየረጨ ይመለሳል፤ መድኃኒት ሲሰጥ ሕመሙ ወደ ጣቶች ይወርዳል እንጂ ወደ ትከሻ አይወጣም፤ ጣቶቹም ይገረጣሉ። መድኃኒቱ ይቁም፣ ካኑላው ሳይነቀል ሐኪም ይጠራ፤ በዚያው መስመር ሕክምና ሊሰጥ ይችላልና።

ሕፃናት ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

ሕፃን «አመመኝ» አይልም፤ ያለቅሳል፣ እጁን አይሰጥም፣ ወይም ከድካሙ ብዛት ዝም ይላል። እጁ በሰሌዳና በፋሻ ተጠቅልሎ ስለሚሸፈን ደግሞ እብጠቱ ሥሩ ተደብቆ ያድጋል። ጣቶቹና የካኑላው ጫፍ ያለበት ቆዳ ሁልጊዜ መታየት አለባቸው። ፈሳሽ እየገባ ሳለ በየሰዓቱ ይነካ፣ ይታይ፣ ከሌላው እጅ ጋር ይወዳደር። ፋሻው ዙሪያውን ጠብቆ ከታሰረ እንደ ማነቂያ ይሆናል፤ አንድ ጣት ከሥሩ መግባት አለበት።

ካኑላው ከወጣ በኋላ ቦታው ጠቆረ፣ ደም ሥሬም ጠጥሮ ቀረ። ይለቃል?

የጠቆረው ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው፤ ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴና ቢጫ እየተቀየረ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የሚከላከለው ካኑላው እንደወጣ በንጹሕ ጎዝ ሳያሹ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ መጫን ነው፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ክርን አጥፎ መያዝ መጫን አይደለም፤ ሲዘረጋ ደሙ እንደገና ይፈሳል።

የጠጠረው ደም ሥር ውስጡ ደም ስለረጋ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ ጠጣርነቱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በዚያ ደም ሥር እስኪለሰልስ ሌላ ካኑላ አይሰካ። መላው ክንድ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተቀየረ ወይም የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የወጣው መድኃኒት ሥጋ የሚያቆስል ዓይነት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ይደረጋል?

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ ይቆማል፤ ካኑላው ግን ወዲያው አይነቀልም። ቱቦው ይፈታና በሲሪንጅ የሚቻለው ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። በጨው ውሃ ማጠብ የለም፤ የቀረውን ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል። ከዚያ ካኑላው ሳይጫን ይነቀላል፣ ዳሩ ይሰመራል፣ ክንዱ ከፍ ይላል፣ ሐኪም ይጠራል። ለአንዳንዱ ማርከሻ አለው፦ ለዶክሶሩቢሲንና መሰሎቹ ዴክስራዞክሴን በ6 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ ከመሰጠቱ 15 ደቂቃ በፊትም ቀዝቃዛው ይነሳል። ለኖርአድሬናሊን ፌንቶላሚን፣ ለቪንክሪስቲን ሃያሉሮኒዴዝ አለ። በመጀመሪያው ቀን ቀላል የመሰለ ቁስል ከቀናት በኋላ ሊያኮርትና ሊጠቁር ስለሚችል በየቀኑ ይታይ።

ክንዱ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋቸው የማይቻል ሕመም ከመጣ፣ ከደነዘዘና ከገረጣ ሥጋው በጫናው ታፍኗል ማለት ነው። የቀዶ ሐኪም በዚያው ሰዓት ማየት አለበት፤ ለነገ የሚቀጠር አይደለም።

ያመኛል ስል «መስመሩ ይሠራል» ይሉኛል። ምን ልበል?

«ያመኛል» ከማለት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መድኃኒት ሲገባ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፣ ከሌላው እጄም አብጧል» ማለት ይበልጥ ይሰማል። ከዚያ ፕላስተሩን ከፍተው ቆዳውን እንዲያዩ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ቀስ ብለው እንዲሞክሩት ይጠይቁ። ጨው ውሃው ራሱ ካመመዎት ወይም ቆዳው ሲነፋ ከታየ መስመሩ ይንጠባጠብ እንጂ አይሠራም። ጡቷ ተቆርጦ የብብት እጢ የወጣላት ሴት በዚያ በኩል፣ ለኩላሊት እጥበት የተዘጋጀ ደም ሥር ያለው ሰው በዚያ ክንድ ካኑላ እንዳይሰካ አስቀድሞ ይናገር።

ደጋግሞ የሚበላሽ ከሆነ ስድስተኛውን ካኑላ ከመፈለግ በፊት ሌላ መንገድ ይጠየቅ። ሕክምናው ከ6 ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ በላይኛው ክንድ የሚገባ ረጅም መስመር አለ፤ ደም ሥሩ የማይገኝ ከሆነ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሰካል። መብላትና መዋጥ የሚችል ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አፍ ይቀየር ዘንድ መቼ እንደሚቻል በየቀኑ ዙር ላይ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ብዙ አንቲባዮቲኮች ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ በእንክብል ይቀጥላሉ።